አባቴ የገለጡት ገጽ

እኔ በአንድ የገና ሰሞን፣ በሰባት ቀን ውስጥ፣ ሦስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ ጽፌ የጨረስኩ ሰው ነኝ። በባዶ ሜዳ የምፎክር እንዳይመስልህ፤ ማስረጃው ይኸው በእጄ ነው። ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሥር የቆየ ሻንጣ ስጎትት አብሮ ወጣ፤ ጥቁር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር። ገለጥ ሳደርገው የወይራ ጭስና የደረቅ አፈር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከሃያ ዓመት በላይ አልጋ ሥር ታፍኖ፣ የእናቴን ቤት ሽታ አልለቀቀም።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት መስመር አለ። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። ሦስተኛውም ባዶ ነው። አንዴ ካነሳሁት አይቀር እውነቱን ልንገርህ፤ እስከ መጨረሻው ባዶ ነው።

«ውሃ መጥታለች!» ትላለች ባለቤቴ ከበሩ ወዲያ። «ሳትሄድ በርሜሉን እንሙላ!»

«እየጻፍኩ ነው!» እላለሁ።

ያን ጊዜም ይህችኑ ቃል ነበር የምላት።

ከተጋባን ዓመት አልሞላንም ነበር። ለገና እናቴና አባቴ ዘንድ፣ ላሊበላ፣ ይዣት ልሄድ ተነሳን። መንገዱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው፤ የእኛ አውቶቡስ ግን በዕድሜ አያቴን የሚያክል ስለነበር ሁለት ወር የተጓዝን መሰለኝ። ከጋሸና ስንታጠፍ አቧራው በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ የባለቤቴን አዲስ ነጠላ ቀይ አደረገው። እሷ ትስቃለች። እኔ ደብተሩን ደረቴ ላይ አቅፌ ተቀምጫለሁ። ለአንድ አሳታሚ «ልብ ወለዱ አልቋል፤ የቀረኝ በደንብ መገልበጥ ብቻ ነው፤ ከገና ማግስት ይደርሳል» ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። አንዲት መስመር እንኳ አለመጀመሬን የማውቀው እኔና እግዜር ብቻ ነበርን።

የከፋው ግን አሳታሚው አልነበረም። ይህንኑ ወሬ ለአባቴም በደብዳቤ ጽፌላቸው ነበር። አባቴ የንባብ መምህር ነበሩ፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው። መጽሐፍ በእሳቸው ዘንድ ቀልድ አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጅ፣ የእሳቸው ተማሪ ሳለሁ ንባቡን በቃሌ ሸምድጄ፣ ያነበብኩ መስዬ፣ በስንደዶ ፊደሉን እየጠቆምኩ ግቢውን በጩኸት አናጋሁት። አባቴ ጎንበስ ብለው መጽሐፉን፣ ስንደዶውን፣ አፌን አዩና «አፍህ ከጣትህ ቀደመ» አሉኝ። እውነትም ስንደዶዬ ሁለት መስመር ወደ ኋላ ቀርታለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓለምን ሁሉ ባታልል እሳቸውን እንደማላታልል አውቃለሁ። እንግዲህ ለእኚህ ሰው ነው «መጽሐፍ ጽፌ ጨርሻለሁ» ያልኳቸው።

ስንደርስ እናቴ ደርቡን ጠርጋ፣ የገብሱን ጆንያ ወደ ጥግ ገፍታ፣ ጠረጴዛና ወንበር አስወጥታ ጠበቀችኝ። «ልጄ መጽሐፍ ይጽፋል! በዚህ ቤት ድምፅ የሚያሰማ ሰው ጠቡ ከእኔ ጋር ነው!» አለች፤ ይህንን ያለችው ገነተ ማርያም ድረስ በሚሰማ ድምፅ ነው።

ገና በእኛ አገር የሰው ጎርፍ ነው። ተሳላሚው ከጋይንት፣ ከሰቆጣ፣ ከራያ በእግሩ እየተመመ ይመጣል፤ ባለ ቤቱም በሩን ይከፍታል። ግቢ የገባ እንግዳ እግሩ በሞቀ ውሃ ይታጠባል፣ እግሩ ይሳማል፣ ከዚያ ነው የሚያርፈው። በእኛ ቤት የሚያጥቡት አባቴ ነበሩ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ውሃ ከማቀበል አላልፍም ነበር። በዚያ ዓመት ግን ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው። ሥራው ወደ እኔ ሊያልፍ ነው።

«ና እንጂ፣ እንግዶች መጡ!» አለች እናቴ ከታች።

«እየጻፍኩ ነው!»

ከዚያ የብረቱ ሳፋ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ኧረ ሆድዬ፣ አንቺ ሙሽራ ነሽ፣ ተቀመጪ!»

«ግድ የለም እማማ፣ እኔ አጥባለሁ» አለች ባለቤቴ።

እንዲህ ሆነ። በጠባቧ መስኮት የሚገባው ብርሃን ከጠረጴዛው ወደ ጆንያው፣ ከጆንያው ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ከታች ውሃው ሳፋ ውስጥ ይንቆረቆራል፤ እኔ እርሳስ እቀርጻለሁ። እንጨት የሚፈልጥ ሲጠፋ «እየጻፍኩ ነው»፤ ዘመድ ጥየቃ ሲባል «እየጻፍኩ ነው»። የጣራውን ማገር ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩት አትጠይቀኝ። ልብ ወለዱ በፀሐይ ይጀምር ወይስ በዝናብ በሚለው ከራሴ ጋር ሁለት ቀን ተሟገትኩ። በሦስተኛው ቀን ሦስት መስመር ወጣልኝ፤ አንድ ሰውዬ አዲስ አበባ ውስጥ መስኮት አጠገብ ቆሞ ያስባል። ምን እንደሚያስብ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

አመሻሽ ላይ ባለቤቴ እጇ በውሃ ተጨማዶ ትወጣለች።

«ስንት ገጽ ደረስክ?»

«ሰማንያ» አልኳት፣ ደብተሩን በክንዴ ሸፍኜ።

ለእናቴ ስትነግራት መቶ ሃያ ሆነ። እናቴ ለጎረቤት ስትነግር ሁለት መቶ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ደርሶ አባቴ ጆሮ ሲገባ ሦስት መቶ ሞላ። መጀመሪያ ላይ የፎከርኩባት ሦስት መቶ እንግዲህ ያቺ ናት። አባቴ ግቢያችን ውስጥ ወይራው ሥር ከካህናቱ ጋር ተቀምጠው «ልጄ ሦስት መቶ ገጽ...» ሲሉ በመስኮቷ ሰማኋቸው።

በዚያኑ ምሽት ባለቤቴ ጆንያው ላይ ተቀምጣ እግሯን እያሻሸች ታወራኛለች። «ዛሬ ከጋይንት የመጡ አንድ እናት አጠብኩ። ጉያቸው ውስጥ የወንድ በረባሶ ይዘዋል። ምንድን ነው ብላቸው፣ የባለቤታቸው ነው። ታመው አልጋ ይዘዋል። ‹እኔ ባልደርስ ጫማዬ ይድረስልኝ፣ መሬቱን አስረግጪልኝ› ብለው ሰጧቸው...»

«እህ» አልኩ።

«ሰምተኸኛል?»

«እየጻፍኩ እኮ ነው!»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባቴ ከታች ጠሩኝ።

«ደብተርህን ይዘህ ውረድ።»

ደረጃው ስምንት እርከን ነው፤ እኔ ሰማንያ ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር ሃያ የሚሆኑ ተሳላሚዎች ሰሌን ላይ ተቀምጠው የታጠበ እግራቸውን ለፀሐይ ዘርግተዋል። አባቴ በርጩማቸው ላይ ናቸው። ጠዋት ቀለም ሲበጠብጡ ስላረፈዱ አውራ ጣታቸው ጠቁሯል። አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ።

«ልጄ ከጻፈው ትንሽ ያሰማችኋል» አሏቸው።

«አባባ፣ ገና አልታረመም እኮ...»

«እነሱም ገና አላረፉም። አንብብ።»

ሦስቱን መስመር አነበብኩ። ሰውዬው መስኮቱ ጋ ቆመ፤ አሰበ። ሦስቱ መስመር አለቀ። አንዱ ገበሬ በትሩን አገጩ ሥር አድርጎ በጉጉት ይጠብቃል።

«እኮ፣ ከዚያስ?» አለ።

ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ነጩ ወረቀት እያየኝ ነው። ዓይኔን ማሳረፊያ ሳጣ እግሮቹ ላይ ጣልኩት፤ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ እንቅፋት የመታው አውራ ጣት፣ ከዚያ በአንዲት እናት ጭን ላይ፣ ከነጠላቸው ሥር ብቅ ያለ የወንድ በረባሶ። አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ተከፈተ።

«አንዲት እናት ነበሩ» አልኩ፣ ባዶውን ወረቀት እያየሁ። «ባላቸው አልጋ ይዞ...»

እንደምን እንደወጣኝ አላውቅም። ጫማውን ከእንጀራቸው በላይ ሲጠነቀቁለት፣ ተከዜን ሲሻገሩ ራሳቸው ላይ ሲሸከሙት፣ ባደሩበት ሁሉ ከራስጌያቸው ሲያስቀምጡት፣ ለጫማው እንደ ሰው ደህና እደር ሲሉት። ቀና ስል ባለቤቴ ሳፋውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። ወሬው የማን እንደሆነ ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

እኚያ እናት በረባሶውን ከነጠላቸው አወጡት። ከፊታቸው መሬት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡት፣ አፉን ወደ እኔ አዙረው።

«ልጄ» አሉ፣ «እዚያ መጽሐፍ ላይ፣ ሰውየው ይድናል?»

ወረቀቱን አየሁ። የእኔ ሦስት መስመር፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። ይህን ጊዜ ከጎኔ አንድ እጅ ተዘረጋ። አባቴ አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው፣ ቀስ ብለው፣ ገጹን ገለጡልኝ። ባዶ መሆኑን አዩ። እኔም ማየታቸውን አየሁ። እጃቸውን ሰብስበው ወደ እንግዶቹ ዞሩና፣ እንደማንም ሰው፣ የቀረውን ሊሰሙ ተቀመጡ።

«ይድናል» አልኩ። «ይድናል ይላል።»

«ተመስገን!» አሉ እናትየዋ። ጫማውን አነሱና ትቢያውን ሳያራግፉ መልሰው ጉያቸው ከተቱት።

እንግዶቹ ሲበተኑ አባቴ ዝቅ ባለ ድምፅ «አፍህ ዛሬም ከጣትህ ይቀድማል» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።»

«ሰውየውን ስላዳንከው ይቅር ብያለሁ። ነገ ግን ደርብ መውጣቱን ተወውና እግር እጠብ።»

«እሺ አባባ።»

በማግስቱ ስነሳ ግን ቃላቱ አፌን ሞልተው አድረዋል። በሕይወቴ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም። ለአንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ወጣሁ። ደብተሩ ላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ ያቺን ገጽ ማበላሸት ፈራሁ። የአባቴን ተማሪዎች የቀለም መሞከሪያ ወረቀት ሰብስቤ በጀርባው ጻፍኩ። ከታች ሳፋው ተቀመጠ፤ ውሃው ተንቆረቆረ። ይህችን መስመር ልጨርስና እወርዳለሁ እላለሁ። ይህችንም። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ደረሰ። አባቴ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ልጄ» ብለው ተጣሩ።

«እየጻፍኩ ነው!» አልኩ። በዚህ ሁሉ ሰሞን እውነቴን ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛ አልጠሩኝም።

ከዚያ ዋዜማው ገባ፣ ገና ሆነ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ባለቤቴ ጋሸና እስክንደርስ አልተናገረችም። እዚያ ስንደርስ «ጫማውን ደህና አድርገህ ገለጽከው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አባቴን ስሰናበታቸው «ለከርሞ እኔ አጥባለሁ» ብያቸው ነበር። ለከርሞ አባቴ አልነበሩም።

መጽሐፉ ከሁለት ዓመት በኋላ ወጣ። አሳታሚው አኩርፎ፣ ታርቆ፣ እንደገና አኩርፎ አሳተመው። በጀርባው የእኔ ፎቶ አለ፤ አገጬን በእጄ ደግፌ፣ መስኮት አጠገብ ቆሜ የማስብ ሆኜ። ሰው ሁሉ የሚወድልኝ እግር የሚታጠብበትን ምዕራፍ ነው። «ውሃው ሲንቆረቆር ሰማሁት» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እኔም የሰማሁት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በአንድ ስብሰባ ላይ አንዲት አንባቢ «የተሰነጠቀ ተረከዝ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ግማሽ ሰዓት መለስኩላት። መሐል ላይ እንባዬን ጠረግሁ።

ደብተሩ አሁን ጭኔ ላይ ተከፍቷል። የመጀመሪያው ቅጠል ጥግ ላይ፣ ገጹ በተያዘበት በኩል፣ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጣቴን ላሳርፍበት አስቤ ተውኩት።

ውጭ ባልዲው በርሜሉ ውስጥ ሲገለበጥ ይሰማኛል። አንድ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ሌላ። ባለቤቴ መጣራቱን ከተወች ቆይታለች። እኔ የላሊበላ ልጅ፣ የየኔታ ልጅ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው፣ በሕይወቴ የአንድም ተሳላሚ እግር አጥቤ አላውቅም።