ሰባት ቅጠልና አንድ አሜን

ሞኝነቴን ሰው ሳያወራብኝ እኔው ልናዘዝ። ባለፈው ሰሞን ጉንፋን ቢጠናብኝ፣ ፍኖተ ሰላም ከአንድ ሱቅ «የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያጎለብታል» የተባለልኝን የደረቀ ቅጠል ገዛሁና ሦስት ቀን ሙሉ ጧት ማታ እያፈላሁ፣ ማር እየጨመርሁ፣ ለባለቤቴም «ይኸው ፊቴ ወዙ ተመለሰ» እያልሁ ጠጣሁት። በአራተኛው ቀን መነጽሬን አድርጌ የተጠቀለለበትን ወረቀት ባነበው «ለእግር መዘፍዘፊያ ብቻ» ይላል። ባለቤቴ እስካሁን ምግብ ስታቀርብ «ይህስ ለአፍህ ነው ለእግርህ?» ትለኛለች።

ፍርድ አታጓድሉብኝ፤ ጥፋቱ የሽታው ነው። የፈላ ውኃ ሲነካው ያ አፍንጫ የሚከፍት የዳማከሴ ሽታ ሽው አለና ከወጥ ቤታችን አንሥቶ ማንኩሳ አጠገብ ካለው መንደራችን፣ ከአያ ደምሌ አጥር ሥር አስቀመጠኝ።

አያ ደምሌ ከባለቤታቸው ከእትዬ ውዴ ጋር ጎረቤታችን ነበሩ፤ ገበሬ ናቸው፣ ልጅ አልወለዱም፣ ቅጠል ያውቃሉ። አጥራቸው እንደ ሌላው ሰው የእሾህ አጥር አልነበረም፤ ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ ግራዋው፣ ስሚዛው ተቃቅፎ የቆመ፣ ዝናብ ሲመታው ሽታው መንደሩን የሚያዳርስ፣ ምች የመታው ሁሉ ሳያስፈቅድ ቀንጥሶ በመዳፉ እያሸ፣ እየማገ የሚያልፍበት አጥር ነበር። የታመመ በሬ እንኳ እዚያ ተታክኮ ይድናል ይባል ነበር፤ ይህችኛዋ የኔ ጭማሪ ትሁን። ዛሬ ሐኪሞች በሬዲዮ የመከላከል አቅም የሚሉትን እሳቸው «ዘበኛ» ይሉት ነበር። «ሰው ውስጥ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛው ሲያንቀላፋ በሽታ ይገባል። ቅጠል ዘበኛውን ጎሸም አድርጎ ይቀሰቅሰዋል፣ ሌላ ምን ያውቃል ብለህ ነው!» ይሉኛል። እኔም ሆዴ በጮኸ ቁጥር ዘበኛዬ ያዛጋ ይመስለኝ ነበር።

አጥሩ የሁሉም ነው፤ ከወንዙ ዳር ያለው ቅጠል ግን የእሳቸው ብቻ ነበር። ስሙን አይጠሩም፣ ለማንም አያሳዩም፤ አዋቂ የሚያወርሰው ለአንድ ሰው ነዋ። አንድ መስከረም ታናሽ እህቴን እናትነሽን ትኩሳት እየተዋት እየተነሣባት አመነመናት። ጤና ጣቢያ ተወስዳ መርፌ ጀምራለች፤ እናቴ ግን የቀረ ነገር እንዳይኖር ብላ አያ ደምሌንም ለመነቻቸው። እሳቸው ዕድሜያቸው ገፍቶ ወራሽ ሲፈልጉ ኖሮ ነው መሰለኝ፣ አሥር ዓመት እንኳ ያልሞላኝን እኔን ወንዙ ዳር ወሰዱኝና አንዲት ቁጥቋጦ በከዘራቸው ጫፍ አሳዩኝ።

«ነገ ፀሐይ ሳትወጣ ሰባት ቅጠል ቀጥፈህ ትመጣለህ። ስትሄድም ስትመለስም ከሰው ጋር ከተናገርህ ግን ጥለኸው መጥተህ በነጋታው እንደገና ትሄዳለህ። ይህን ከቻልህ የቀረውንም አንድ ባንድ አሳይሃለሁ።»

እኔን ዝም በል ማለት ዶሮን አትጫሪ ማለት ነው። እናቴ ሰምታ «ኧረ አያ፣ ይህ እንኳን ነቅቶ ተኝቶም ያወራል!» አለቻቸው።

በነጋታው ግን ከንፈሬን በጥርሴ ነክሼ፣ በጤዛው እስከ ጉልበቴ ረጥቤ ሄድሁ፤ ሰባቱንም ቆጥሬ ቀጠፍሁ። ስመለስ በሬ የሚነዱ ሰው ቅጠሉን በእጄ፣ አፌንም ተዘግቶ ቢያዩ ፊታቸውን አዞሩልኝ፤ በእኛ አገር መድኃኒት የያዘ ሰው ሰላም አይባልም። የዚያን ጊዜ የተሰማኝ ኩራት! ራሴን አዋቂ አድርጌ ቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ስደርስ የንስሐ አባታችን መምሬ ከኪዳን ሲወጡ ገጠሙኝ። ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ ቅጠሉን አላዩትም። መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፣ ተሳለምሁ፣ «እግዚአብሔር ያሳድግህ» አሉኝ።

«አሜን!» አልሁ።

ምን ላድርግ፤ ምርቃት ሰምቶ አሜን የማይል አፍ አልተሰጠኝም። ቅጠሉን ልጥል እጄን አነሣሁና፣ አንድ ቀን ሊያልፍ ነው፣ እህቴ እንደ ምጣድ ትፋጃለች፣ የቀሩት ቅጠሎችም ሊያመልጡኝ ነው ብዬ፣ አሜን ለእግዜር እንጂ ለሰው አይደለም ስል ራሴን ፈትቼ ወደ ቤት ገሠገሥሁ። አያ ደምሌ «ተናገርህ?» አሉኝ። «ኧረ ምን በወጣኝ!» አልሁ። ዓይን ዓይኔን አይተውኝ ቅጠሉን ወቀጡ።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ፤ እናቴ እኔንም ልታሳክመኝ አስባ ነበር። በአራተኛው ቀን እናትነሽ ትኩሳቱ ለቋት ቆሎ ስጡኝ አለች። መርፌው ይሁን፣ ቅጠሉ ይሁን፣ ዘበኛዋ በራሱ ጊዜ ነቅቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቅጠሎች መጠበቅ ሆነ። አያ ደምሌ አጥሩ ሥር ባገኙኝ ቁጥር «እህስ፣ የምትነግረኝ የለም?» ይሉኛል። እኔም ቀልድ እነግራቸዋለሁ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ይስቁና፣ አንድም ቅጠል ሳያሳዩኝ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ከገባሁም በኋላ በየበዓሉ ያው ጥያቄ፣ ያው ቀልድ። አንድ ፋሲካ ስሄድ ተቀብረው ደረስሁ።

ጉንፋኑ ሲለቀኝ መንደራችን ወረድሁ። አጥሩ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ወንዙ ዳርም እስከ አፋፉ ታርሶ ያቺ ቁጥቋጦ የለችም። ዳማከሴስ ገበያ ይገኛል፤ እናትነሽም ቡሬ የአራት ልጆች እናት ናት። ከቁጥቋጦዋ ቦታ ማዶ ግን ያልታረሰ አረንጓዴ አለ፣ ያልተነገረኝ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይሆናል፤ ብቻ የትኛው ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የለም፣ እኔም መሐሉ ቆሜ እንደ ባዕድ አገር ሰው ሁሉንም እኩል አየሁት።

እትዬ ውዴ በሕይወት አሉ። ቤታቸው ገብቼ፣ የመምሬን ምርቃትና የኔን አሜን እንደ ልማዴ እየሳቅሁ ነገርኋቸው። አልሳቁልኝም።

«መምሬ እኮ ያን ዕለቱን ለባለቤቴ ነግረዋቸው ነበር። ‘ልጁን መርቄው ደኅና አድርጎ አሜን አለኝ’ አሏቸው። እሳቸውም አልተቆጡ። ‘አሜን ማለቱስ ግድ የለም፤ ተሳስቻለሁ የማይል ሰው ግን መድኃኒት ቢይዝ ሰው ይገድላል። ቆይ፣ መጥቶ ይነግረኛል’ አሉ» ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «አልጋ ከያዙ በኋላ እንኳ ውሻው በጮኸ ቁጥር ‘እሱ ነው?’ ይሉኝ ነበር፣ ልጄ።»