በአባቴ ፋንታ የጠጣሁት ውሃ

ባለፈው ግንቦት፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ ሊያልቅ ሲል፣ አባቴን ይዤ ወደ አንዲት የጣና ደሴት ሄጄ ነበር።

አባቴ ፎገራ ውስጥ ቁሐር ሚካኤል በሚባል ቀበሌ ሩዝ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። አምና አጨዳ ሊጀመር ሲል ገበያ ውለው የቀዘቀዘ የዓሣ ጥብስ በሉና ሆዳቸውን ክፉኛ ታመሙ። ሩዙን ጎረቤት አጨደው። እሳቸው “ከዚህ አልጋ ከተነሣሁ ለደሴቷ ቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አገባለሁ” ብለው ተሳሉ። ተነሡም። ሰውነታቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሐኪሙ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሕመም እንደማይችሉት ነግሮናል።

ስለዚህ የጉዟችን ዕለት እናቴ አገልግሉን ዳቦና ቆሎ ሞላችበት፤ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ውሃም በጠርሙስ ጨመረችበት።

“ከዚህ ሌላ እንዳይቀምሱ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ በደህና እንደ ወሰድሻቸው በደህና መልሺልኝ። አደራ!”

“እሺ፣ እማየ” አልኋት። በክፍል ስለ ምግብ ንጽሕና የተማርነውን እንኳ በትንሽ ወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር።

ሐይቁ የዚያን ቀን አይንቀሳቀስም። ሰማዩ የት እንደሚያልቅ፣ ውሃው የት እንደሚጀምር አይታወቅም። የጀልባው ሞተር እንቅልፍ እንቅልፍ አሰኘኝ፤ ነጫጭ ወፎች በአጠገባችን ሲያልፉ ሕልም ይሁን እውን አልለየሁም። ከደሴቷ መጀመሪያ የደረሰን ሽታዋ ነው፤ የበሰለ ማንጎ፣ የሎሚ ቅጠል፣ እርጥብ አፈር። የአባቴን እጅ ይዤ አወረድኋቸው፤ እንደ ፈዘዝሁ ዳገቱን ወጣን።

አገልግሉ ትዝ ያለኝ ስለቱ ገብቶ ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ነው። ጀልባዋ ሌሎች ተሳላሚዎችን ልታመጣ ይዛው ተመልሳለች፤ የምትመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

“እንግዲህ እንግዳ ነን፤ እንደ እንግዳ እንበላለን” አሉ አባቴ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ከሐይቁ ዳር ሁለት ምግብ ቤቶች ነበሩ። አንደኛው አበባ ያለበት የጠረጴዛ ልብስ አለው፤ ዓሣው ግን ተጠብሶ ተከምሯል። እጄን አስጠጋሁ፤ ቀዝቅዟል። ሁለተኛው ከማንጎ ዛፍ ሥር ያለ አንድ አግዳሚና አንድ ምድጃ ነው። ባለቤቲቱ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ተቀምጣ የዓሣ ቅርፊት ትፍቃለች።

“ዓሣው መቼ ነው የተያዘው?” አልኋት።

“ዛሬ ጧት።”

“ማን ያዘው? በምን ታጠበ? ዘይቱስ የዛሬ ነው?”

ቢላዋዋን አስቀምጣ ወደ አባቴ ዞረች። “አባባ፣ ልጅዎ ዓሣውን ልታገባው ነው እንዴ? ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ጠየቀችኝ!”

አባቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። “እናቷ ናት የላከቻት፤ ታገሻት” አሉ።

ሴትየዋ የዓሣውን ጉንጭ ገልጣ ውስጡ ገና ደም የመሰለ መሆኑን አሳየችኝና ዘይቱን ጣደች። ከዚያ ከእንስራዋ ውሃ በጣሳ ቀድታ መጣች። ጥቂት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ለአባቴ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። “ከሐይቁ መካከል የተቀዳ ነው፤ ንጹሕ ነው።”

ባለቤቱ የቀመሰውን መመለስ በእኛ አገር ሰውን መጠርጠር ነው። መዳፍ ላይ መቅመስ ግን ውሃው መርዝ የለውም ይላል እንጂ ፈልቷል አይልም። አባቴ ሰው ከማስቀየም መታመም እንደሚመርጡ አውቃለሁ። ጣሳውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጣሳውን ከእጃቸው ወሰድሁ፤ ቆሜ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

ልጅ ከአባቷ ቀድማ አትጠጣም።

“ይቅርታ፣ ጠምቶኝ ነው” አልሁ።

ሴትየዋ እኔን አየች፣ ባዶውን ጣሳ አየች። “ጠምቶሽስ አይደለም” አለች ቀስ ብላ። “ሆዳቸውን ያማቸዋል?”

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እሳቱ ላይ ጣደች። ከዚያ “በይ እንግዲህ፣ ሙሽሪት፣ እስኪፈላ ሎሚ ቁረጪልኝ” አለችኝ።

ዓሣው ከዘይቱ እየጮኸ ወጣ። አባቴ እሾሁን ለቅመው የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሰጡኝ፤ ጣቴን እያቃጠለኝ፣ ሎሚው እየጎመዘዘኝ በላሁ። ሻያችንን እፍ እያልን ጠጣን። ከውሃው ማዶ የፎገራ ሜዳ በሙቀቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ቤታችን እዚያ ውስጥ መኖሩን ማመን አቃተኝ። ጀልባዋ ባትመጣ ግድ አልነበረኝም።

ቤት ከገባን በኋላ አባቴን ጧት ጧት ስለ ሆዳቸው እጠይቃቸው ነበር። ደህና ናቸው። በሦስተኛው ቀን የታመምሁት እኔ ነኝ። እናቴ ስለ አገልግሉ መቆጣት ጀምራ ፊቴን አይታ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ከራሳችን ሩዝ የተሠራ አጥሚት በኩባያ ይዘው ገቡ። እንፋሎቱ ፊታቸውን ሸፍኖታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጥቂት መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ፤ ፈጃቸው መሰለኝ ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ቀመሱ። ከዚያ ኩባያውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።