ለኦቦ ግሪክ የተነገረ መርዶ

መብራት ዛሬም ጠፋ። ጎረቤቴ ያለው ፋርማሲ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ዱግ ዱግ ዱግ ሲያሰኘው፣ ከናፍጣው ሽታ ጋር አያቴ መጣብኝ። መምጣቱስ ባልከፋ፤ መርከቡን ይዞ ነው የሚመጣው!

አያቴ ግሪክ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ሰዉም «ኦቦ ግሪክ» ይለዋል። የወፍጮው ሞተር በተነሳ ቁጥር፣ «የመርከባችንም ሞተር እንዲህ ነበር የሚጮኸው» ብሎ ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከታላቅ እህቱ ጋር የተሳፈረበትን የግሪክ መርከብ በቶርፔዶ፣ በባሕር ውስጥ በሚተኮስ ቦምብ፣ መቱት። እሱን ጀልባ አተረፈው፤ እህቱን ከዚያ ወዲያ አላያትም። ቶርፔዶው ታዲያ በየዓመቱ ያድግ ነበር። አንደኛ ክፍል ስገባ በርሜል ያክላል፤ አሥረኛ ክፍል ስደርስ ጫፉ ጎረቤት ወረዳ፣ ዲጋ ደርሷል። ከጉቶ ጊዳ በቆሎ ሊያስፈጩ የሚመጡ ገበሬዎች ታሪኩን በቃላቸው ይዘውታል። አንዱማ ሁልጊዜ፣

«ኦቦ፣ ዛፍ ላይ አትወጡም ነበር?» ይለዋል።

«ባሕር ላይ ምን ዛፍ አለ፣ አንተ ሰው!»

«ታዲያ ዛፍ የሌለበት ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?»

ይኸስ ይቻል ነበር። ያልቻልነው መጨረሻውን ነው። «ሌላ ጀልባ አውጥቷት ይሆናል» ይላል፤ ለእህቱም ገበታችን ላይ ሁልጊዜ አንድ ወንበር ባዶ ይቀመጣል። እንግዳ ከተቀመጠበት ያስነሳዋል። አንድ ፋሲካ ፓስተሩን አስነሳቸው! ሚስቱ፣ ሴት አያቴ፣ ያን ቀን በቃት።

«ይህ ሰው ወይ አልቅሶ ይውጣለት፣ ወይ ወንበሩን በመጥረቢያ እፈልጠዋለሁ!» ብላ ወደ እድሩ ዳኛ ገሰገሰች።

መርዶ ጎህ ሲቀድ አይደል የሚነገረው? የእድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው በራችንን አንኳኩ። አያቴ በሌሊት ልብሱ ወጣ። እኔ ከኋላው ሆኜ ሳቄን ለማፈን ብርድ ልብሴን ነክሻለሁ።

«ማን ሞተ?»

«እህትህ።»

«መርከቡ ላይ የነበርኩት እኔ!» ብሎ ጮኸ። «እናንተ ባሕር በዓይናችሁ አይታችሁ አታውቁም! ደግሞ ከማን ሰማችሁ?»

«ካንተው» አለ የእድሩ ዳኛ። «ስንት ዓመት ሙሉ ለኛ ነገርከን። ላንተ ግን የነገረህ ሰው የለም። እሱን ልንነግርህ ነው የመጣነው።»

አያቴ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

ድንኳን ተተከለ። አልቃሾቹ ስሟን ጠየቁት። ልብ በሉልኝ፣ በዚያ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድም ቀን በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ነገራቸው። ወዲያው በኦሮምኛ ዜማ ተቀበሉት፤ ስሟ ግን አፋቸው ላይ ተሰባበረ።

«እንደሱ አይደለም!» አለ፣ እንባው እየወረደ።

አስተካከለላቸው፤ አበላሹት። ደግሞ አስተካከለላቸው፤ ደግሞ አበላሹት። በስተመጨረሻ ተወው። እነሱ እንዳሉት አድርጎ እየጠራት አብሯቸው አለቀሰ።