የእህቴ ኮፐንሃገን

የሰፈሩ ልጆች «ከእህትዎ ጋር በአንድ ከተማ ስም ምን አኳረፋችሁ? ይንገሩን እንጂ» ብለው ያዙኝ። እሺ።

ፊደል አልቆጠርኩም። ቅመሜን ቋጥሬ ከቢስቲማ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ሰኞ ገበያ ስዞር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለችው ታናሽ እህቴ ግን አላህ ልጅ አልሰጣትም ነበር። «አንቺ መንገደኛ ነሽ፤ ለኔ ስጪኝ» አለችኝ፤ ጡት የተወችውን ልጄን ሰጠኋት። ወጉ ነው። ልጅቱም እሷን «እማዬ»፣ እኔን ደግሞ እህቴ እንደምትጠራኝ «እትዬ» እያለች አደገች። ወላሂ፣ በጠራችኝ ቁጥር ይወጋኝ ነበር።

አድጋ ዴንማርክ አገር፣ ኮፐንሃገን ገባች። የምትደውለው ለእህቴ ነው። አንድ ሰኞ እህቴ መደቤ ላይ ተቀምጣ ደንበኞቼን ታስተምር ጀመር።

«ኮፐንሃገን የሚሏት ጀርመኖቹ ናቸው። ባለቤቶቹ ኮበንሀውን ነው የሚሏት፤ ስዊድኖቹ ሾፐንሃምን፣ አይስላንዶቹ ኮይፕማናሆፕን። ድሮ ድሮ ስሟ ሃፍን ብቻ ነበር፤ ወደብ ማለት ነው። ልጄ ነገረችኝ።»

«ፊት ላይ የተጨመረው ኮበንስ?» አለች አንዷ።

«እሱማ እንዲያው ማሳመሪያ ነው።»

«ልጄ» ያለችው አንጀቴን አቃጠለው። «ሐይቅን እንኳ ተሻግራ የማታውቅ፣ ወደብ ታስተምረን!» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ።

«እትዬ፣ አንቺ ገበያ ለገበያ ስትዞሪ ማን አሳደጋትና?» አለችኝ። ሳቁ ቆመ።

እኛ ያልተማርን ነጋዴዎች እንዳንረሳ የሻሻችንን ጫፍ እንቋጥራለን። ለአራቱ አጠራር አራት ቋጠሮ ቋጥሬ፣ ኮምቦልቻ በሚወርደው ታክሲ እየዳበስኩ ሸመደድኳቸው። ልጄ ስትደውል እኔም የምላት ይኑረኝ ብዬ እኮ ነው።

ለአረፋ እህቴ ቤት ሳለሁ ደወለች። ስልኩን ከእህቴ እጅ ነጥቄ አራቱንም ወረድኩላት።

ልጄ በደስታ ጮኸች። «እትዬ! ነገረችሽ ማለት ነው?»

«ነገረችኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሌላ ነገር እንድላት የምትጠብቅ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ያለኝ አራት ቋጠሮ ብቻ ነበር። በኋላ «እሺ፣ እማዬን አቅርቢልኝ» አለች። ስልኩን መለስኩ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት የእህቴን ደጅ አልረገጥኩም።

እህቴ ካለፈች ከስንት ዘመን በኋላ ነው ልጄ መጥታ የነገረችኝ። ያ ማሳመሪያ የተባለው «ኮበን» ነጋዴ ማለት ነው፤ ከተማዋ የነጋዴዎች ወደብ ናት። ልጄ ይኸን ያወቀች ቀን፣ ከዚያ ሰኞ አስቀድሞ፣ ለእህቴ ደውላ ኖሯል፤ «ለእናቴ ንገሪልኝ፤ እንደሷ ባሉ ነጋዴዎች ስም በተጠራ አገር ነው የምኖረው በያት» ብላ።

«ለእናቴ» ነው ያለቻት።