የወለላ ስለትና የማለዳው ኪኒን

ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ባለው ደጋ ሠርግ የደገሰ ሰው ከሰንጋው በፊት ወለላን ያስባል። የሙሽራው አጃቢዎች ገና ከአቀበቱ ብቅ ሲሉ ቀድሞ የሚደርሳቸው የሷ ድምፅ ነው። ቀጥኖ ይወጣል፣ ገደሉን ይሻገራል፤ ማዶ ያለችው ውሃ ቀጂ ጀሪካኗን እንዳዘለች ቆማ ታደምጣለች። ወለላ አውጪ ናት። ግጥሙን እሷ ትወረውራለች፣ ተቀባዮቿ እየመለሱ ያደምቁላታል።

ቀድሞ አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረ። የወዲያኛው ወገን ዘፋኞች ሊነኳት ሲያምራቸው የሚነኳት በሱ ነበር፦

ጨሌ መስሎን ነበር አንገቷን የዞረው፣
ጠጋ ብለን ብናይ እንቅርት ነው ያሰረው።

ወለላም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከበሮው ሳይበርድ ትመልሳለች፦

እንቅርቴስ ለኔ ነው ቀላል ነው ሸክሙ፣
ዜማ ያጡት ናቸው እነሱ የታመሙ።

ሰው ይስቃል፤ የተሰደበችውም የሰደበችውም ይስቃሉ። እንቅርቱ ግን አልሳቀም። አድጎ አድጎ ትንፋሿን ሲይዘው ጎንደር ወረደች፤ ዕጢው ከነሥሩ ወጣላት። ጠባሳው እንደ ቀጭን ማተብ አንገቷን ዞሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዕጢው ይሠራላት የነበረውን ሁሉ የምትሠራላት አንዲት ትንሽ ኪኒን ናት። ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ትውጣታለች፤ ከዚያ እህል እስክትቀምስ ትንሽ ትታገሣለች። ይህን ያዘዘቻት ሶሊያና የምትባል ወጣት ሐኪም ነበረች፤ የፒያሳ ልጅ፣ ፈጥና የምትናገር፣ ፈጥና የምትስቅ። ወለላም እንደታዘዘችው አደረገች፤ ድምጿ ተመለሰ፣ ሠርጉም ተመለሰ።

ያልመጣው ልጅ ነበር። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ጨንግፈውባታል። ለኅዳር ቁስቋም ጎንደር መጥታ፣ እዚያው ቁስቋም ሰፈር አክስቷ ሸዋረጋ ቤት አድራ፣ ከሕዝቡ መሃል ቆማ ተሳለች፦ «እመቤቴ፣ ልጅ ከሰጠሽኝ የመጪውን ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳልቀምስ እጾምልሻለሁ።» ይህን የነገረችው ለባሏ ለበላቸው ብቻ ነው። የንስሐ አባቷ መምሬ ፊልጶስ እንኳ አልሰሙም።

ሁዳዴ ሲገባ የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር። ደስታዋን ዋጠችው፤ ገና ያልገፋ ሆድ አይወራም። ስለቷንም ያዘች። ኪኒኑስ? ውሃ ከሌለ ጠዋት በምን ይወርዳል? ስለዚህ ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረችው። ከቅዳሴ መልስ ተልባዋን ትበጠብጣለች፣ ኪኒኑን አፏ ውስጥ ጣል ታደርጋለች፣ ተልባውን ግጥም፤ ከላዩ እንጀራ በሽሮ። አንድም ቀን አልዘለለችም። ለእመቤቴም ለሐኪሟም ያለብኝን አደረስኩ ብላ ተረጋግታ ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ድምጿ ወፈረ። እንደ እርጥብ ከበሮ ሆነ፤ ይመታል እንጂ አይጠራም። እሳት ዳር ተቀምጣ ይበርዳታል። ጠዋት ስትነሣ ደጋው ሁሉ ጀርባዋ ላይ የተጫነ ይመስላታል።

«ምነው ወለላ፣ ስታወሪ እንኳ ትደክሚያለሽ» አላት በላቸው።

«ፅንሱ ነው።»

«የፊተኞቹን ስትፀንሺ እንዲህ አልነበርሽም።»

የፊተኞቹን ሲያነሣባት ፊቷን ወደ እሳቱ መለሰች። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የሐኪሟ ቀጠሮ ሲደርስ እንደ ዕድል ተከፍቶ አገኙትና በሚኒባስ ወረዱ። ደም ሰጥታ አክስቷ ቤት አደረች፤ በማግስቱ ውጤቱን ልትሰማ ሶሊያና ፊት ተቀመጠች።

ሶሊያና ወረቀቱን አየችው፣ ደግማ አየችው፣ ወደ ወለላ አዞረችው። «ቲኤስኤች የሚለው ይኼ ቁጥር ታኅሣሥ ላይ ሁለት ነበር። አሁን አሥራ አራት ሆኗል።»

«ሸጋ ነው ወይስ ክፉ?»

«ክፉ ነው። ኪኒኑን አቋርጠሽ ነበር?»

«አንድም ቀን» አለች ወለላ፤ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ባዶውን ማሸጊያ አሳየች።

«እንግዲያ መጠኑ አንሶሻል ማለት ነው። ከመቶ ወደ መቶ ሃምሳ ማይክሮግራም አሳድገዋለሁ።»

«ቆዩ ዶክተር። ቁጥሩ ከፍ ብሏል እያሉኝ ምነው መድኃኒቱ ይጨመራል? ከፍ ያለ ነገር ይቀነስ የለም?»

ሶሊያና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ይኼ ቁጥር የመድኃኒቱ ልክ አይደለም። አንጎልሽ ሥር ያለች አንዲት ሌላ ዕጢ አለች፤ ሥራዋ የአንገቱን ዕጢ መጣራት ነው። ሆርሞኑ በደምሽ ውስጥ ሲበቃ ቀስ ብላ ትጣራለች፤ ሲያንስ ትጮኻለች። ይኼ የጩኸቷ ልክ ነው። አሥራ አራት ማለት ኡኡ እያለች ነው።»

«አውጪና ተቀባይ በሉኛ» አለች ወለላ። ፊቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። በሻከረው ድምጿም፣ ለራሷ ያህል፦

አውጪማ ምን ታርግ ጉሮሮዋ ቢደርቅ፣
ተቀባይ ሲተኛ ዜማው መቼ ይደምቅ።

ሶሊያና ሳቀች። «ይቺን ሰርቄሻለሁ፤ ለሌላውም ታካሚ እነግራለሁ።» እየጻፈችም ጠየቀች። «ጠዋት በባዶ ሆድ ነው አይደል የምትውጪው?»

እውነቱን ብትናገር ጾሙን ተዪ ትባላለች። «አዎ» አለች።

«ነፍሰ ጡር አይደለሽም?»

«አይ።»

«ካሰብሽ ቀድመሽ ንገሪኝ። ሽል በመጀመሪያዎቹ ወራት የራሱ ዕጢ አይሠራለትም፤ የእናቱን ነው የሚካፈል። የእናቱ ካነሰ ሊጨነግፍም ይችላል።» ይህን እንደ ዘወትር ምክር ነው የተናገረችው፤ ቀና ብላም አላየቻት። ማዘዣውን ቀድዳ ሰጠቻት።

ወለላ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። በላቸው ከግድግዳው ተነሥቶ መጣ።

«ነገርሻት?»

«መጠኑን ጨመረችልኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«ብነግራት ጾሙን ታስፈታኛለች። ስለቴን ባፈርስ ደግሞ የሰጠችኝን እመቤቴ መልሳ ትወስድብኛለች። አያ በላቸው፣ ከእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ።»

«እንቅርቱማ ወጥቷል። የቀረሽ ጆሮ ደግፉ ብቻ ነው።» እሷ አልሳቀችም፤ እሱም ቀልዱ አፉ ላይ ደረቀ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አንቺ ያወቅሽውን እሷ ሳታውቅ ምኑን ታክምሻለች?»

ወለላ ማዘዣውን በእጇ እንደ ጨመቀች ቆመች። በባዶ ሆድ፣ ብላ ነበር ሐኪሟ፤ የእናቱን የሚካፈል፣ ብላም ነበር። ገና አፍ ያላበጀ አንድ እንግዳ ከውስጧ ሆኖ እጁን ዘርግቷል፤ እሷ ደግሞ የሱን ድርሻ በተልባ አጥባ ስትጥለው ከርማለች። እየጮኸችለት ያለችው ያቺ የማታያት ዕጢ ብቻ ናት። ወደ በሩ ተመለሰች። ሌላ ታካሚ ገብቷል። የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነበር፤ በሩ የሚከፈት አልመስል አላት። ሰውየው ሲወጣ ተራ የያዙትን «ይቅርታ፣ ነፍስ ነው» ብላ አልፋ ገባች።

«ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ።»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለቱን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ ተልባውን፣ የቀረውን የወር አበባ። ሶሊያና እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። ከዚያ እጇን ዘርግታ ማዘዣውን ተቀበለችና ለሁለት ቀደደችው።

«ይህን ይዘሽ ብትሄጂ፣ ከፋሲካ በኋላ ወደ ጠዋቱ ስትመልሺው መድኃኒቱ ይበዛብሽና ልብሽ እንደ ፈረስ ይጋልብ ነበር። ኪኒኑ አላነሰሽም ነበር፤ ተልባውና ሽሮው ናቸው አንጀትሽ ላይ ይዘው ያስቀሩት።»

«ተቀባዩን ያስተኛሁት እኔ ነኝ በሉኛ።»

«ሳታውቂ ነው። አሁን ግን ለሁለት ነሽ፤ ለሁለት ሰው ደግሞ መቶው አይበቃም። መቶ ሃያ አምስት እናድርገው። ከአራት ሳምንት በኋላ ደም እንደገና እናያለን።»

«ማታ ስተኛ ብውጠውስ? ጾሙም አይነካ።»

«ከበላሽ ሦስት አራት ሰዓት ካለፈሽ ይሆናል።»

ወለላ አሰበች። «እኛ ዘንድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመ ሰው እስኪተኛ አፉ አያርፍም።»

«እንግዲያ ማለዳ ነው፤ በውሃ። ሽሉ ደግሞ ከኪኒኑ ሌላ ምግብም ውሃም ይፈልጋል። ከስለት የምፈታሽ እኔ አይደለሁም፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ግን አትቆዪ።»

በአልትራሳውንድ አዩዋት። በመሣሪያው መስታወት ላይ እንደ ሽንብራ ፍሬ የመሰለ ነገር መሃል አንዲት ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች። «ልቡ ነው» አለች ሶሊያና። ወለላ አላለቀሰችም፤ የፊተኞቹም ልብ እንዲህ ይመታ ነበርና።

ከሰዓት በኋላ ወደ መምሬ ፊልጶስ ደወሉ። ደጋው ላይ ኔትወርክ የለም። ደግመው ደወሉ፤ የስልኳ ሴትዮ ማግኘት አይቻልም ትላለች።

«እሷን ንስሐ አባት አድርጊያታ፤ ሁሌም ትመልሳለች» አለች ሸዋረጋ። ነገሩን ሁሉ ከሰማች በኋላ ግን ቀልዷ ጠፋ። «ልጄ፣ በዚችው በቁስቋም ፊት አፍሽን ከፍተሽ ተስለሽ ስለት አታፈርሺም። መምሬ እስኪፈቱሽ ቆዪ። ሁለት ሦስት ቀን ምን አላት?»

«መንገዱ ቢዘጋስ?» አለ በላቸው።

«የከፈተ ይከፍተዋል።»

ወለላ በመሃላቸው ተቀምጣለች። ሁለቱም ለሷው ብለው ነው የሚከራከሩት። በጆሮዋ ግን አንድ ቁጥር ይጮኻል።

ሊነጋጋ ሲል ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች፤ በሃይላንድ ውሃ ይዛለች፣ ኪኒኑ በጭብጧ ውስጥ ነው። የቁስቋም ደወል ተደውሎ ምእመናን ወደ ቅጥሩ እየገቡ ነበር። ከአሮጌው ግንብ ፍራሽ ሥር፣ ኅዳር ላይ ከቆመችበት ቦታ ቆመች። የምትለው ጸሎት ሁሉ ጠፋባት፤ የመጣላት የለመደችው ግጥም ብቻ ነው። በዚያ ወፍራም፣ በዚያ በተሰበረ ድምጿ አወጣችው፦

የላክሽልኝን ሰው አንቺው ጠብቂልኝ፣
ስለቴ ቢጎድል ለሱ ነው በይልኝ።

የሚቀበላት አልነበረም። ኪኒኑን ምላሷ ላይ አደረገች፣ ውሃውን ጠጣች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ሲወርድ እስከ ታች ተከተለችው። ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጠበቀች፣ አንዳች ሕመም፣ አንዳች ቁርጠት። ፀሐይ ግንቡ ላይ ወጣች። ምንም አልመጣም። በላቸው ፈልጎ ሲያገኛት ሃይላንዱ ጎደሎ መሆኑን አይቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

መምሬ ፊልጶስ ኋላ ሲሰሙ ተቆጡ። የተቆጡት ግን በውሃው አልነበረም። «ሳትጠይቂኝ መሳልሽ! ከሕመምተኛና ከነፍሰ ጡር እንዲህ ያለ ጾም ማን ፈለገ? ስለትሽን እኔ አቆይቼዋለሁ፤ ልጁ ክርስትና ተነሥቶ፣ አንቺም ስትጠኚ ትከፍያለሽ።» ሸዋረጋ ይህን በስልክ ስትሰማ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ «እኔማ ብዬ ነበር» አለች፣ ያለችው ሌላ ሆኖ ሳለ።

ከፋሲካ በኋላ ወለላ እንደገና ሶሊያና ፊት ተቀመጠች። በየማለዳው ኪኒኗን በውሃ ውጣለች፣ በየማለዳውም ደም አየሁ ይሆን ብላ ፈርታ ተነሥታለች። ሶሊያና ውጤቱን አላነበበችላትም፤ ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። ወለላ ያንን መስመር በጣቷ ፈለገችው። ሦስት ነጥብ አምስት።

«ድምጿን ዝቅ አድርጋለች» አለች ቀስ ብላ። «ግን ገና ትጣራለች።»

«ልክ ነሽ። ወደ ሁለት እንድትወርድልኝ እፈልጋለሁ።»

«ይጨምሩታ?»

«ዛሬ አልነካውም። እየወረደ ነው፤ አራት ሳምንት ልስጠው። ያኔ ካልወረደ እንነጋገራለን።»

መስታወቱ ላይ ሽንብራው አድጎ እጅና እግር አብጅቷል፤ ይወራጫል። የፊተኞቹ እዚህ አልደረሱም ነበር።

ኮሪደሩ ላይ በላቸው ከግድግዳው ተነሣ። «እህሳ?»

«ገና ነው» አለች። ነጠላዋ ከሆዷ ላይ ተንሸራቶ ነበር፤ አልሰበሰበችውም። «ገና ነው፤ ግን ተቀባዩ ነቅቷል።»