ከምላሴ ሥር ያለችው ኪኒን

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ኧረ አሜን በሉኝ! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ብመለስ ልቤ አይችለውም፤ እሱ እንደሆነ ድሮም ደካማ ነው።

ደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ። እግዚአብሔርን በስም እንጂ በቅርብ አላውቀውም ነበር። አንድ ቀን ዳገቱን ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝ። ሐኪሙ መርምሮኝ፣ «የልብህ ደም ሥር ጠቧል። የየቀኑን መድኃኒትህን አታቋርጥ። ይቺን ኪኒን ደግሞ ሕመሙ ሲነሣ ተቀመጥና ከምላስህ ሥር አድርጋት፤ አትዋጣት። ቆመህ ከወሰድካት ራስህን አዙራ ትጥልሃለች። ካልተወህ ቶሎ ሆስፒታል ይውሰዱህ» አለኝ። ፍርሃት ገባብኝ፣ ወገኖቼ! ልጆቼን ለወግ ለማዕረግ ሳላበቃ ልሞት ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

እዚህ ኮምቦልቻ ያለችው ታላቅ እህቴ፣ «እስቲ እኛ ጋ ና፣ ይጸለይልህ» አለችኝ። መጣሁ፣ ወደዚህችው አዳራሽ። ሁላችሁም ቆማችሁ ስትጸልዩ ያ ሕመም ተነሣ! ታዲያ ሰው ሁሉ ቆሞ እንግዳ ብቻውን ይቀመጣል? አፈርኩ። እንደቆምኩ ኪኒኗን ከምላሴ ሥር ከተትኩ። ራሴ ዞረና ዘጭ አልኩ!

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! «ውጣ!» «ስምህ ማን ነው? ተናገር!» እኔ ኪኒኗ እንዳትወድቅ አፌን ግጥም አድርጌ ዘጋሁ። «ዲዳ መንፈስ ነው!» አላችሁ። አሁንማ ሳቁ!

እህቴ ናት፣ «ኧረ ልቡን አሞት ነው! አፉ ውስጥ ኪኒን ይዞ ነው!» ብላ የጮኸችው። ሽማግሌያችን ጋሽ ታደለ አጠገቤ ተንበርክከው እግሬን ከፍ አስደረጉ። «አብሽር ወንድሜ፣ አትናገር። መድኃኒቱንም የሰጠ ጌታ ነው። እኛ እንጸልይልሃለን» አሉ። ጩኸቱ ቆመ። ያ ሁሉ ሕዝብ ለማያውቀው ልብስ ሰፊ በቀስታ ሲያለቅስ ሰማሁ። እኔም አፌ እንደተዘጋ በልቤ፣ «ጌታ ሆይ፣ ብኖርም ብሞትም የአንተ ልሁን» አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ነበረች። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ፍርሃቱም አብሮት ሄደ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሃሌ ሉያ!

ሕመሙስ? አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ አልዋሻችሁም። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ ሐኪሜ ጋ እሄዳለሁ፣ አምላኬን አመሰግናለሁ። ሰሞኑን ሴት ልጄን ዳርኩ፤ ቀሚሷንም በእነዚህ እጆቼ ሰፋሁላት! ክብር ለጌታ ይሁን!

እዚህ መካከል «እምነት የለውም ይሉኛል» ብሎ ደረቱን ይዞ የቆመ ካለ፣ ወገኔ፣ ተቀመጥ። መድኃኒትህን ውሰድ። ጌታንም እመነው፤ ተቀምጠህም ይሰማሃል።