ከምሰሶው ጀርባ የተሰቀለችው ንግሥት

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ፣ ከወገዳ ወጣ ባለችው መንደራችን፣ ማታ ማታ ተረት ለመስማት ጎረቤታችን እማማ ጥሩ ቤት እሄድ ነበር። ያኔ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የኩራዙን ብርሃን እንጂ የሰው መልክ አይለዩም። አንዲት ልጃቸው አንጓች በልጅነቷ ከተዳረችበት ቤት ጠፍታ አዲስ አበባ ገብታለች ይባል ነበር።

አንድ ቀን የአውቶቡስ ረዳት ጥቅል ወረቀት አምጥቶ «ልጅዎ ልካ ነው» ብሏቸው ሄደ። እናቴ ስትዘረጋው ዓይኗን ወደ ሰማይ ያነሣች ሴት ታየች።

«ዘውድ ደፍታለች?» አሉ እማማ ጥሩ።

«ደፍታለች፣ እትዬ።»

«አርሴማ ናታ! ልጄ ሃይማኖቷን አልጣለችም!»

እልል ብለው ከምሰሶው ጀርባ በክር አሰቀሏት።

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ አንጓችንም ካደገች ወዲህ አላየቻትም። እኔ ግን ትምህርት ቤት ገብቼ ነበርና ከሥዕሉ ግርጌ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በፍሙ ብርሃን ፊደል በፊደል ለቀምኩት። የአንድ ቲያትር ቤት ስም ነበር፤ ከሥሩም «አንጓች በንግሥቲቱ ሚና» ይላል።

እማማ ጥሩ ተረቱን ሲጨርሱ ምሰሶውን ዳብሰው ይደርሱና ይስሟታል፤ «ልጄን ሳላገኛት አትግደይኝ» ይሏታል። ልነግራቸው አፌን እከፍትና ፊቴ እሳት ይሆናል። በእኛ አገር መድረክ ላይ የምትቆም ሴት ምን እንደምትባል አውቃለሁ። የጸለዩት ሁሉ ለልጃቸው ፎቶ ነበር ብሎ መናገርም አስፈራኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ መጥተው መርዶ ነገሯቸው። አንጓች ታማ ሞታ እዚያው ተቀብራለች። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስና ፎቶ ተይዞ ይለቀሳል፤ እማማ ጥሩ ግን ባዶ እጃቸውን ዘርግተው «ምኗን ይዤ ላልቅስ? ልብሷ የለኝ፣ ፎቶዋ የለኝ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። እኔም ከምሰሶው ጀርባ ያለችውን እያየሁ ከለቀስተኛው ጋር አለቀስኩ።

ማታ ለቀስተኛው ሲበተን ጠሩኝ።

«ነይማ። ያቺን ሴትዮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሪልኝ። ተጣልቻታለሁ።»

«ማንን፣ እማማ?»

«አርሴማን ነዋ! ይህን ያህል ስስማት ኖሬ ልጄን ካላተረፈችልኝ፣ አሁን ምን ልታይ ነው የምታፈጥብኝ?»

አዞርኳት።

ከተረቶቹ አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። ያልጠፋኝ፣ ከመሳም ብዛት ቀለሙ የለቀቀው የአንጓች ጉንጭ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ እማማ ጥሩ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ፣ ቀስ ብዬ ገብቼ መልሼ አዞርኳት። እሳቸው እንደሆነ አያዩም፤ እሷ እናቷን ትይ ብዬ ነው።